የእማዬ ሰንጢ

«ሰንጢ» የሚለው ቃል ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ዜና ውስጥ ነው። አንዱ አንዱን ወጋ፣ አንዱ አንዱን አስፈራርቶ ሞባይል ነጠቀ። ስለዚህ «በቤታችን ስድስት ሰንጢ አለ» ብዬ ወሬ ስጀምር ፊታችሁን የምታጨማድዱ አትጠፉም። ባምባሲ ግን ሰንጢ ሌላ ነው። ማንጎ ይላጥበታል፣ ሽመል ይሰነጠቅበታል፣ የማዳበሪያ አፍ የተሰፋበት ክር ይበጠስበታል፣ ሸንኮራ ይቆረጥበታል፣ ልጅ እሾህ ሲወጋው ይነቀስበታል። ታጥፎ ኪስ ወይም መቀነት ውስጥ ስለሚገባ ማሳም፣ ገበያም፣ ለቅሶ ቤትም አብሮ ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው መቼም ተርፎ አያውቅም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሰንጢ ጎን ነው። ስለ ስለቱ ሳይሆን ከስለቱ በላይ ስላለው ብረት። ነገሩን እንድመረምር ያደረገችኝ ደግሞ እናቴ ናት።

እማዬ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው አሶሳ አካባቢ ከሰፈሩት ሰዎች አንዷ ናት። እኔን ጀርባዋ ላይ አዝላ ነው የመጣችው። ወሎ ሳለች ባሚያ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። እዚህ የበርታ ጎረቤቶቻችን «ከንከሴ» የሚሉትን ይህን አትክልት በስሱ እየከተፉ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ ይወቅጡታል፤ ዱቄቱ ወጥ ውስጥ ሲገባ የሚያሟልጭ፣ ወፈር ያለ መረቅ ይወጣዋል፤ ገንፎም በሱ ይበላል። ለእማዬ ይህን ያስተማሯት አንዲት የበርታ እናት ናቸው፤ ዛሬም ከአጥራችን ማዶ ይኖራሉ። ተማሪዋ መምህሯን ልትበልጥ ምንም አልቀራት። ዝናቡ ቀነስ ሲል ግቢያችን በሰሌን ላይ በተሰጣ ባሚያ ይሞላል። ለዓመት የሚሆነንን ታስቀርና የተረፈውን እኔ ሱቅ ውስጥ በጣሳ እንሸጠዋለን። ገንዘቡ የራሷ ነው። ለልጅ ልጆቿ ደብተር የምትገዛው፣ ወሎ ላለች እህቷ የምትልከው ከዚሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ቁርጥማት ጣቶቿን ያዛቸው። መጋጠሚያቸው አብጧል፤ ጠዋት ጠዋት ጡጫ መጨበጥ አትችልም፤ የጠርሙስ ክዳን እኔ ነኝ የምከፍትላት። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ባሚያ ስትከትፍ ሰንጢው አመለጣትና የግራ እጇን አውራ ጣት ሥር ቀደደው። ጤና ጣቢያ ወስደን በአራት ስፌት ተሰፋላት። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ በስልክ ሸንጎ ተቀመጡ፤ ብይኑም አንድ ሆነ፤ እማዬ ከእንግዲህ ስለት እንዳትነካ። እሷ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰምቼያት ጨርሳ ካዳመጠች በኋላ እንዲህ አለች፦ «እጄ ላይ ካራ ከሌለ እኔ በዚህ ቤት እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል።» ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነበር። ያ ሰንጢ አልደነዘም። የልጆቼ አባት ያን ዕለት ጠዋት ስሎት፣ የክንዱን ፀጉር እየላጨበት አሳይቶናል። ሰው የሚቆርጠው የደነዘ ቢላዋ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፤ የደነዘ ቢላዋ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያመልጣል። ይኼኛው ግን ስል ሆኖ ሳለ ጉልበት ይጠይቅ ነበር። ባሚያ አምጥቼ ሞከርኩት። ቆዳውን ወዲያው ይነክሳል፤ ከዚያ ይቆማል፤ ጫን ሲሉት ባሚያው ይፈርጣል እንጂ አይቆረጥም። ጤነኛ እጅ ይህን ልብ አይለውም፤ ትንሽ ገፋ አድርጎ ያልፋል። የእማዬ እጅ ግን ያችን «ትንሽ ገፋ» የላትም።

መርፌና ወስፌን አስቡ። ሁለቱም ጫፋቸው ሹል ነው፤ ሁለቱም ጨርቅ ይበሳሉ። መርፌውን በሁለት ጣት ጫፍ ታሳልፉታላችሁ፤ ወስፌው ግን መዳፍ ይፈልጋል። ጫፉ ከገባ በኋላ የሚከተለው ገላው ወፍራም ስለሆነ ነው። ሰንጢም እንዲሁ ነው። ስለት የምንለው ጫፉ ላይ ያለችውን ቀጭን መስመር ነው፤ የእሷ ሥራ መንገድ መክፈት ነው። በተከፈተው መንገድ የሚያልፈው ግን ጎኑ ነው። ስለቱን እኛ ቤት ውስጥ በድንጋይ እናበጀዋለን፤ ጎኑን የሚወስነው ግን ሠሪው ነው፤ ከጀርባው ተነስቶ እስከ ስለቱ ድረስ ብረቱን እንዴት አድርጎ እንዳሳሳው።

ሱቄ ውስጥ ባለ ቀስት ሚዛን አለኝ። ሳህኑ ላይ መክተፊያ አስቀምጬ፣ ቀስቱን ዜሮ ላይ መልሼ፣ በቤት ያሉትን ሰንጢዎች ሁሉ አንድ በአንድ እዚያው ላይ ስቆርጥባቸው ዋልኩ። ቀስቱ እጄ ስንት እንደተጫነ ይናገራል። ባሚያ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ግማሽ ዱባ። ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ጀመር፤ አንዱ ደንበኛዬ «ሽንኩርቱን ቆርጠሽ ነው እንዴ የምትመዝኚው?» ብሎ ሳቀብኝ።

እማዬን የቆረጣት ከገበያ የተገዛው፣ የሚያብለጨልጨው ነው። ጀርባው ሦስት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያ ውፍረት እስከ ጎኑ እኩሌታ ሳይቀንስ ይወርድና መሳሳት የሚጀምረው ከወገቡ በታች ነው። በአጭር ርቀት ከወፍራም ወደ ቀጭን ስለሚወርድ ከስለቱ በላይ ትከሻ አለው። ሽንኩርቱ ላይ ያ ትከሻ ሲደርስ ቀስቱ ዘለለ፤ ዱባው ላይ ደግሞ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ጀርባውን በቡጢ መትቼ ነው ያስገባሁት። ለምን እንዲህ ተሠራ ብትሉ፣ ቶሎ አይሰበርም፣ ጣሳ ቢከፍቱበት አይታጠፍም። ጣሳ ለሚከፍት ሰው ጥሩ ሰንጢ ነው።

የልጆቼ አባት የሽመል ሰንጢ ሌላ ፍጥረት ነው። እሱ አልጋና ወንበር ይሠራል። የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል የምንለው፣ እንደ ደጋው ባዶ ቱቦ አይደለም፤ ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። ሰንጢው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ሲሆን ጎኑ ጎበጥ ብሎ እንደ ባቄላ ፍሬ ወደ ውጭ ነፋ ያለ ነው። ይህን ቅርጽ ማንም ሆን ብሎ ባያወጣው እንኳ በድንጋይ ላይ በእጅ የሚሳል ስለት ሁሉ በጊዜ ብዛት ወደዚህ ያዘነብላል፤ የሰው እጅ ስትሄድና ስትመለስ ስለምትወዛወዝ። ነፋ ያለው ጎን እንጨቱን እየገፋ ከፊቱ ይሰነጥቃል፤ እንጨቱን የሚነካው በሆዱ ብቻ ስለሆነ አይጣበቅም፤ ከስለቱ ኋላም ብዙ ብረት ስላለ አይሸረፍም። የሽመል ቆዳ ደግሞ ሲሊካ የሚባለው፣ አሸዋና መስታወት ውስጥ ያለው ነገር አለበት፤ ቀጭን ስለት ይበላል። ደረቁ ዱባ ላይ ይኸው ሰንጢ ከሁሉ የተሻለ ሆነ። ባሚያ ላይ ግን ለወሬም አይመችም።

ሦስተኛው ከኩርሙክ በኩል የመጣ፣ ጫፍና ጫፉ ነሐስ፣ መሐሉ እንጨት የሆነ ከባድ ሰንጢ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ባክ 110 ብለው ያወጡት የአዳኞች ሰንጢ በዓለም ዙሪያ ሲገለበጥ የኖረ ነው፤ የኛም ከቅጂዎቹ አንዱ ነው። የዚህ ጎን ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። በክብ ድንጋይ ላይ ጎኑ ሲሞረድ የድንጋዩን ክብ ይወርሳል፤ ድንጋዩ ባነሰ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። የፀጉር ቆራጮች የድሮው ታጣፊ ምላጭ የዚህ ቅርጽ የመጨረሻው ጫፍ ነው። ባሚያ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቀስቱ እምብዛም አልተነቃነቀም። ባሚያ ትንሽ ስለሆነ የሚያልፍበት ከስለቱ በላይ ያለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ እዚህ እንደ ወረቀት ነው። ዱባው ላይ ግን ጉድጓዱ አልቆ ወፍራሙ ጀርባ ሲመጣ እንደ መጀመሪያው ተቀረቀረ። የማንጎ ፍሬ ላይ ስለቱ ሲያርፍም ልቤ ይሰቀቃል፤ ቀጭን ነገር ጠንካራ ነገር ላይ ሲጠማዘዝ ይሸረፋል።

«እንግዲያው ለእማዬ ይህን ስጧት» ማለታችሁ አይቀርም። የልጆቼ አባትም እንዲሁ ብሎ ነበር። ለማጠፍ ግን ጀርባው ላይ ያለውን መቆለፊያ በአውራ ጣት አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል፤ እሷ አልቻለችም። ክብደቱም የሁለት ሰንጢ ነው።

አራተኛው ቀዩ የስዊስ ሰንጢ ነው፤ የልጆቼ አባት ድሮ አብሮት የሠራ ፈረንጅ ሲሄድ የሰጠው። ካርል ኤልስነር የተባለ ቢላዋ ሠሪ በ1884 በኢባክ የከፈተው ወርክሾፕ ዛሬ ቪክቶሪኖክስ ይባላል፤ ለስዊስ ጦር ሰንጢ ማቅረብ የጀመረው በ1891 ነው (ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። ጀርባው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ጎኑ ሳይጎብጥም ሳይጎደጉድም በቀጥታ እስከ ስለቱ ይሳሳል። ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ሽንኩርቱንም፣ ማንጎውንም፣ ባሚያውንም ሳይጮህ ቆረጠ። አምስተኛው ፈረንሳይ ያለች ዘመዳችን ያመጣችው ኦፒኔል ነው፤ ከ1890 ጀምሮ በሳቯ ተራሮች የሚሠራ፣ እጀታው እንጨት፣ ምላሱ ስስ፣ ጎኑ ለዓይን እምብዛም የማይታይ ንፊት ያለው። ሚዛኑ ላይ ከሁሉ ቀሎ የተገኘው እሱ ነው። አንገቱ ላይ ያለችው ቀለበት ስትዞር ምላሱን ትቆልፋለች፤ ስዊሱ ግን ቁልፍ የለውም፤ በሞላ ተይዞ ነው የሚቆመው፤ ከጀርባው ቢገፉት ይታጠፋል።

ይሁንና ሁለቱም ለመክፈት ጥፍር ይፈልጋሉ። ምላሱ ላይ ባለችው ጭረት ጥፍር አስገብቶ መሳብ። የኦፒኔሉ እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ የኛ ክረምት ረጅም ነው፤ ሐምሌ ላይ እኔም በጥርሴ ለመክፈት ምንም አይቀረኝም። ባሚያ ለመክተፍ የተሻለው ጎን ተገኘ፤ የሚከፍተው እጅ ግን ጠፋ።

መፍትሔውን ስልኳ ላይ ያገኘችው ትልቋ ልጄ ናት። ጃፓኖች ሂጎኖካሚ የሚሉት ሰንጢ አላቸው፤ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሚኪ በተባለች ከተማ የሚሠራ፣ ተማሪዎች እርሳስ ይቀርጹበት የነበረ። ቁልፍም ሞላም የለውም። ከምላሱ በስተኋላ ጭራ ይወጣል። ጭራውን በአውራ ጣት ሥር ጫን ሲሉት ምላሱ ይከፈታል፤ እጀታውን ሲጨብጡ ደግሞ ጭራው መዳፍ ውስጥ ስለሚያዝ አይታጠፍም። ጥፍር አይፈልግም፣ ጉልበትም አይፈልግም።

ሥዕሉን ይዤ ገበያ ዳር ወደሚሠሩ ብረት ቀጥቃጭ ሄድኩ። (ቀጥቃጭ፣ ባለእጅ እያልን ስማቸውን ስናጠፋ የኖርን ሰዎች ነን፤ ማረሻውንም ማጭዱንም ከነሱ እጅ እየተቀበልን። ይህን ካነሳሁ ዘንድ በዚሁ ልለፈው።) ስልኩን አገላብጠው አዩና «ይቺ ምን ከባድ ነገር አላት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ምላሱ ስስ ይሁንልኝ፤ ከጀርባው ጀምሮ» አልኳቸው። «ስስ ከሆነ ይታጠፋል፤ ከዚያ መጥተሽ ልትሰድቢኝ ነው» አሉ። ለባሚያና ለሽንኩርት ብቻ መሆኑን፣ የእማዬንም እጅ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ገቡና ያረጀ የእንጨት መጋዝ ይዘው ወጡ። «ከባሌስትራ ቀጥቅጬ ከማሳሳው አስቀድሞ የሳሳውን ልቁረጥ» አሉ።

የመጋዙ ብረት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ግራይንደሩ ላይ አንዴ አስነክተው ወዲያው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ደግሞ ያስነኩና ይነክሩታል። ብረት ሲግል መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፤ ስስ ስለት ላይ ሰማያዊ ከታየ እሳቱ ጥንካሬውን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። እሳቸው ይህን በቃል አልነገሩኝም፤ ቢጫውም ሳይታይ ነበር የሚነክሩት። ክቡ ድንጋይ የተወውን ጉድጓድ በጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በመጨረሻም መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት አስተካከሉት። ሲያልቁ ምላሱን አውራ ጣት ጥፍራቸው ላይ አስደግፈው ጫን አደረጉት፤ ጫፉ በጥቂቱ ጎበጠና ተመለሰ። «እንዲህ ነው ስስ ማለት» አሉ። እጀታውን ከወፍራም እንጨት ሠርተው የብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ጠቀለሉበት። ቁርጥማት ያለበት እጅ ቀጭን እጀታ ለመጨበጥ ይቸገራል፤ ወፍራምና የማያንሸራትት ሲሆን ጣቶች ብዙ መታጠፍ አይጠበቅባቸውም።

መካከለኛዋ ልጄ አብራኝ ስለነበረች የሷንም ማጭድ አየንበት። ግራኝ ናት። ማጭዱ የተሳለው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ስለት ሲቆርጥ ወደ ጠፍጣፋው ጎኑ ያዘነብላል፤ ለቀኝ እጅ ተብሎ ከተሳለ በግራ እጅ ላይ ሁልጊዜ ጠማማ ይሄዳል። ሁላችንም «ይቺ ልጅ ሣር ማጨድ አታውቅም» እንላት ነበር። ቀጥቃጩ በሌላው ወገን ሳሉላት።

እማዬ ሰንጢውን የተቀበለችው ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነው። ጎማው ሸተታት። ሚዛኑን አምጥቼ ቀስቱ የቱ ጋ እንደቆመ ላሳያት ብል «ሚዛን ስለ እጄ ምን ያውቃል?» አለችኝ። አንድ ባሚያ ቆረጠች። ሌላ ቆረጠች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና ሳታቋርጥ እስከ ቀትር ከተፈች።

የመጋዝ ብረት ከጥሩ የቢላዋ ብረት ይለሰልሳል፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ድንጋይ ማየት አለበት። አሳሳሉን ለልጆቼ ያስተማርኳቸው በእርሳስ ነው። የምላሱ ወርድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ ጀርባውን ከድንጋዩ የአንድ እርሳስ ውፍረት ያህል ከፍ ስታደርጉት ወደ 20 ዲግሪ ይሆናል፤ ከእርሳሱ ትንሽ ዝቅ ካለ 15። ስዊሶቹም ለሰንጢያቸው በየጎኑ የሚመክሩት በ15 እና በ20 መካከል ነው። ሁልጊዜ ስለቱን ብቻ ከሳላችሁ ግን ምላሱ እየጠበበ ስለቱ ወደ ወፍራሙ ክፍል ይወጣል፤ ሰንጢው ፀጉር እየላጨ ሽንኩርት የማይቆርጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አልፎ አልፎ ጎኑን ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ ማሳሳት ያስፈልጋል። ማንጎ ከተቆረጠበት ደግሞ ወዲያው መጥረግ፤ ይህ ዓይነቱ ብረት ከማንጎ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ማንጎውም ብረት ብረት ይል ነበር።

ችግሩ ሰው ሁሉ ወደደው። የልጆቼ አባት አንድ ቀን የራሱን ሲያጣ ሽመል ላጠበት፤ ስለቱ ሁለት ቦታ ተሸረፈ። እማዬ ምንም አላለችም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሰንጢው መቀነቷ ውስጥ ነው የሚያድረው። ወንድሞቼ አሁንም ሲደውሉ «ስለት ነክታለች?» ብለው ይጠይቃሉ። እሷ እየከተፈች ታናግራቸዋለች።

ዘንድሮ ባሚያው ሲደርስ ለመምህሯ፣ ለበርታዋ ጎረቤታችን፣ አንድ እንዲሠራላቸው አዘዘችኝ። አሠርቼ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩት፤ ጭራውን ጫን አድርገው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግሞ ከፈቱትና ሳቁ። ከዚያ ከመደቡ ሥር የራሳቸውን አወጡ። የማይታጠፍ ትንሽ ካራ ነው፤ ስንት ዓመት በድንጋይ ላይ ጎኑ ተኝቶ ሲታሽ ስለኖረ ምላሱ እንደ ቅጠል ሳስቷል፣ ወርዱም ጣት አይሞላም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ጀርባቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። «የኔም እኮ ይኸው ነው» አሉኝ፤ «ይኼኛውን ለምራቴ እሰጣታለሁ።»